የእንሰቱ ጓሮና የወንጂ አገዳ

ከምባታ አመጣጡን ሲተርክ ከሐምበሪቾ ይነሳል። ከዱራሜ ከተማ አጠገብ የቆመው ይህ ተራራ 3,058 ሜትር ከፍታ አለው፤ «ወማ» የሚባሉት የቀድሞ ነገሥታት ታሪክም ያለ እርሱ አይወራም። ነገሥታቱን የሚያነሳቸው አያጡም። እኔን የሚቆጨኝ ግርጌው ላይ ያለችውን መንደራችንን በእንሰት ያቆሟት ሴቶች ሳይወሱ መቅረታቸው ነው።

መንደራችን ቁልቁለት ላይ ናት። ቤቱ ከላይ፣ እንሰቱ ከቤቱ ሥር፣ ገብሱና ስንዴው ከዚያ ዝቅ ብሎ። ከብቱ ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያድር ፍጉ በየማለዳው ተጠርጎ ወደ እንሰቱ ይወርዳል። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅበታል፤ እስከዚያው እየተነቀለ ደጋግሞ ይተከላል። ስለዚህ ጓሮው ውስጥ የየዓመቱ ተክል በየመደዳው ይታያል። አንድ መደዳ ከሳሳ፣ ያን ዓመት ያ ቤት ምን እንዳገኘው ጎረቤት ሳይጠይቅ ያውቃል።

በምኒልክ ዘመን አገሩ ከተያዘ በኋላ ገበሬው ገባር ሆነ። ሰው በዛ፣ መሬት ጠበበ፣ ግብሩም በጥሬ ገንዘብ ሆነ። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲያስጀምር አገዳ ቆራጭ ይፈልግ ነበርና የከምባታና የሀዲያ ጎልማሳ ወደዚያ ጎረፈ። ወንድ አያቴም ሄዱ። አገዳ የሚቆረጠው በበጋ ነው፤ ክረምት ሲገባ ፋብሪካው ያርፋል። ወንዶቹም ለመስቀል፣ በእኛ አጠራር ለ«መሳላ»፣ የበሬ መግዣ ቋጥረው ይመለሳሉ። እንሰት የሚተከለውም በዚያው በበጋ፣ ከበልግ ዝናብ በፊት ነው። ቁፋሮው የወንድ ድርሻ ነበር፤ ባላቸው ወንጂ ሳሉ ሴት አያቴ መቆፈሪያውን አነሱ።

መፋቁማ ድሮም የእርሳቸው ነበር። ሳንቃውን አጋድመው ያስደግፋሉ፣ የእንሰቱን ቅርፊት ጫፍ ባንድ እግራቸው አጥብቀው ይይዛሉ፣ በቀርከሃው መፋቂያ ወደ ታች ይስባሉ። ነጩ ሥጋ የእንሰቱ ቅጠል ላይ ይወርዳል፤ እጃቸው ላይ የሚቀረው ቃጫ ነው። ከጭማቂው ሥር የረጋው ቡላ ይሆናል። ሌላው፣ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ተቀብሮ ይብላላና ቆጮ ይወጣዋል። ቃጫው ገበያ ወጥቶ ጨውና በርበሬ ይመጣበታል። የወንጂው ደመወዝ በሬ ገዝቷል፤ ከመስቀል እስከ መስቀል ያበላን ግን ያ ጉድጓድ ነው።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ገባርነትን አስቀረ፤ መሬቱን ግን አላሰፋውም። ከ1977 ጀምሮ ብዙ ቤተሰብ ለሠፈራ ወደ ጋምቤላና ወደ ፓዌ ተጓዘ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከምባታን በያዘው ዞን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 500 ያህል ሰው ይኖር ነበር። አሁን ከሆሳዕናም ከዱራሜም ወጣቱ የሚያስበው ደቡብ አፍሪካን ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ወደዚያ በሚወስደው መንገድ፣ ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ ላይ፣ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 64 ሰዎች ከጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ሞተው ተገኙ። ያን ሰሞን መንደራችን ውስጥ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሰው ይደነግጥ ነበር።

የደቡብ አፍሪካ ተጓዥ እንደ ወንጂው ለመሳላ አይመለስም። ሚስቱ መቆፈሪያውን ስታነሳ ለዓመታት ነው፤ ጉልበት ያነሳትም እንሰቱን ነቅላ ባሕር ዛፍ ትተክላለች። ወንጂ የሄዱትን ባሎቻቸውን የጠበቁት እናቶች ዛሬ በጣም አርጅተዋል። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆሳዕና አለ፣ ዱራሜም ካምፓስ አለው። ተማሪዎቹን መቅረጸ ድምፅ አስይዞ ወደ እነዚህ ጓሮዎች ይላክልን፤ የትኛው መደዳ በየትኛው ዓመት እንደተተከለ፣ ማን እንደቆፈረው፣ እናቶቹ አሁን ይጠየቁ።