አንድሮይድ ስቱዲዮ "አፕዴት አለ" ሲላችሁ የቱን ታወርዳላችሁ፣ የቱን ትተዋላችሁ?

ይህ ጽሑፍ ጀሞ ኮንዶሚኒየምም ሆነ ለቡ፣ ላፍቶም ሆነ ጎፋ ቁጭ ብላችሁ ከስልካችሁ በሆትስፖት ኢንተርኔት እያጋራችሁ አፕ ለምትሠሩ ልጆች ነው። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና ከያዛቸው ኮርሶች አንዱ የአንድሮይድ አፕ ልማት ስለሆነ፣ አንድሮይድ ስቱዲዮን ገና አሁን የምትከፍቱም አላችሁ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ፕሮግራሙ "አፕዴት አለ" ሲላችሁ ሁሉንም እሺ ካላችሁ የገዛችሁት ጥቅል በአንድ ምሽት ያልቃል። ሁሉንም ችላ ካላችሁ ደግሞ የሠራችሁት አፕ ፕሌይ ስቶር ላይ አይጫንም። ለምሳሌ ጉግል ከነሐሴ 25 ቀን 2017 ጀምሮ አዲስ አፕም ሆነ የነባር አፕ ማሻሻያ አንድሮይድ 15ን፣ ማለትም ኤፒአይ 35ን፣ ዒላማ ያደረገ እንዲሆን ጠይቋል። ስለዚህ ሥራችሁ የሚፈልገውን ብቻ ለይታችሁ ማውረድ አለባችሁ።

መጀመሪያ ስቱዲዮው ራሱና በውስጡ ያሉት ክፍሎች እንደሚለያዩ እወቁ። የስቱዲዮውን አፕዴት ለማየት በዊንዶውስ "ሄልፕ" ገብታችሁ "ቼክ ፎር አፕዴትስ" ትላላችሁ። ያላችሁት ስሪት ለፕሮጀክታችሁ ከበቃ ይህን ማዘግየት ይቻላል። ኤፒአይ 35 ላይ ለመሥራት ግን የአንድሮይድ ግሬድል ፕለጊን ቢያንስ 8.6 መሆን አለበት፤ እሱ ደግሞ "ኮዋላ ፊቸር ድሮፕ" የተባለውን የስቱዲዮ ስሪት ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ይፈልጋል።

ክፍሎቹ ያሉት "ቱልስ" ውስጥ "ኤስዲኬ ማኔጀር" የሚለው ጋ ነው። "ኤስዲኬ ፕላትፎርምስ" በሚለው ገጽ የአንድሮይድ ስሪቶችን፣ "ኤስዲኬ ቱልስ" በሚለው ደግሞ መሣሪያዎቹን ታገኛላችሁ። ሳጥኑ ውስጥ የራይት ምልክት ካለ ተጭኗል ማለት ነው። አጭር ሰረዝ ካያችሁ ደግሞ አለ፣ ግን አዲስ ወጥቶለታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "አፕዴቱን አልፈልግም" ብላችሁ ምልክቱን ካጠፋችሁት፣ ፕሮግራሙ የሚረዳው "አጥፋልኝ" እንዳላችሁት ነው። ከጎኑ ቀይ የኤክስ ምልክት ከመጣ ሊያጠፋው እየተዘጋጀ ነውና "አፕላይ" ሳትሉ መልሱት። የማትፈልጉትን ዝም ብላችሁ እንዳለ ተዉት፣ ሰረዙ አይጎዳችሁም።

ከታች ያለውን "ሾው ፓኬጅ ዲቴይልስ" አትርሱ። እሱን ስትጫኑ አንዱ የአንድሮይድ ስሪት በስሩ ስንት ነገር እንደያዘ ይዘረዘራል። አፑን ለመገንባት የሚያስፈልጋችሁ "ኤስዲኬ ፕላትፎርም" የሚለው ነው፤ እሱ ደግሞ በአሥር የሚቆጠር ሜጋባይት ብቻ ነው። ጥቅሉን የሚበላው "ሲስተም ኢሜጅ" ነው፣ አንዱ ብቻውን ከ1 ጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል። የሚጠቅመውም ኮምፒውተራችሁ ላይ ለሚከፈት የይስሙላ ስልክ፣ ለኢሙሌተር፣ ብቻ ነው።

በእኛ አስተያየት አቅሙ ደከም ያለ ላፕቶፕ ያለው ሰው ኢሙሌተሩን ቢተወው ይሻለዋል። አንድሮይድ ስልክ እጃችሁ ላይ አለ አይደል? ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚለው ጋ ገብታችሁ "ቢልድ ነምበር"ን ሰባት ጊዜ ንኩት። የገንቢዎች ማውጫ ሲከፈት "ዩኤስቢ ዲበጊንግ"ን አብርታችሁ በኬብል አገናኙ። አፑ በራሳችሁ ስልክ ላይ ይከፈታል።

"አፕላይ" ካላችሁ በኋላ የሚወርደውን መጠን የሚያሳይ መስኮት ይመጣል። እሱን ሳታነቡ አትለፉ። ትልቅ ከሆነ ሰርዙትና ለሌሊት ጥቅል አቆዩት፣ ወይም ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትሄዱ አውርዱት።

ጓደኛችሁ አስቀድሞ አውርዶት ከሆነ ደግሞ የኤስዲኬ ፎልደሩን በሃርድ ዲስክ መቅዳት ይቻላል፤ ሁለታችሁም ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ከሆነ ማለት ነው። ፎልደሩ የት እንዳለ ኤስዲኬ ማኔጀር አናት ላይ ተጽፏል። ቀድታችሁ ስትጨርሱ እዚያው "ኤዲት" ብላችሁ አዲሱን ቦታ አሳዩት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ዳታው እየሄደ ከሆነ ግሬድል ነው። አፑን የሚገነባው እሱ ሲሆን ላይብረሪዎችን የሚያወርደው በራሱ መንገድ ስለሆነ ኤስዲኬ ማኔጀር ውስጥ አታገኙትም። አንድ ጊዜ ሲንክ አድርጎ ከጨረሰ በኋላ በስተቀኝ ባለው የግሬድል መስኮት "ኦፍላይን ሞድ"ን አብሩት። አዲስ ላይብረሪ ስትጨምሩ ግን መልሳችሁ አጥፉት፣ አለበለዚያ አላገኘሁም ብሎ ይቆማል። ፕለጊኑን እናሻሽልልህ የሚል ጥያቄም ሊመጣ ይችላል። ፕሮጀክት የምታስረክቡበት ቀን ዋዜማ ላይ ከሆናችሁ እሺ አትበሉት፤ በሌላ ቀን ደግሞ መጀመሪያ የፕሮጀክቱን ቅጂ አስቀምጡ።