ነጋድራሱና የውጭ ማተሚያ ቤት

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ኋላ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆነዋል። የምኒልክን ዘመን አስተዳደር በድፍረት የተቸው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ግን በ1912 (እ.ኤ.አ.) የታተመው አዲስ አበባ ሳይሆን አስመራ፣ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ቤት ነው። አስመራ ያኔ በጣሊያን እጅ ነበረች፤ ጣሊያን ምኒልክ ቢተች ምን ገዶት! «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደግሞ ለኅትመት የበቃው ነጋድራሱ ባረፉ በ5 ዓመቱ፣ በ1924 ነው።

«እዚህ ካልሆነ ውጭ ይታተማል» የሚሉ ዛሬም አሉ። ውጭውም ግን ባለቤት አለው። በ2017 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በቻይና ባለሥልጣናት ጥያቄ ከ«ቻይና ኳርተርሊ» መጽሔት ከ300 በላይ ጽሑፎችን ለቻይና አንባቢ ዘጋ፤ ስለ ቲያናንመንና ስለ ቲቤት የተጻፉት ከነዚያው ነበሩ። የመለሳቸው ምሁራን ከጮኹ በኋላ ነው። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ መምህርም ለማዕረግ ዕድገት የሚያንኳኳው የእንዲህ ዓይነቶቹን አሳታሚዎች በር ነው።