ከቺት ላይ ስለ ተቈረጡ አበቦች

እኛ ቺት የምንለው ባለ አበባ የጥጥ ጨርቅና እንግሊዞች ቺንትዝ የሚሉት፥ ሁለቱም ስማቸው የሕንድ ቃል ዘመድ ነው። በታሪክ ትምህርታችን ስለ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከቦችና ጦርነቶች ብዙ አንብበናል፤ ዳሩ ግን ጨርቁ ከመርከብ ከወረደ በኋላ በሴቶች እጅ ምን እንደ ሆነ የሚነገረው ጥቂት ስለ ሆነ ይህን ለመጻፍ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ17ኛው መቶ ዓመት ከሕንድ ወደ ለንደን የሚመጣው ቺት ቀለሙ ቢታጠብ የማይለቅ በመሆኑ እጅግ ተወደደ። የሱፍና የሐር ሸማኔዎች ግን እንጀራችን ተወሰደ ብለው ተነሡ፤ በ1719 ቺት የለበሱ ሴቶችን በመንገድ እያሳደዱ ቀሚሳቸውን ቀደዱባቸው። ፓርላማውም በ1721 የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ ቺት የለበሰ ሰው 5 ፓውንድ ይቀጣ ነበር። ሕጉ የተሻረው በ1774 ነው። የሸማኔዎቹ ችግር እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን ቅጣቱ ከነጋዴው አልፎ ቀሚስ በለበሰችው ሴት ላይ መውደቁ ለእኛ ትክክለኛ ፍርድ ሆኖ አልታየንም።

እንዲህ ያለ ውድ ጨርቅ ቢያረጅም እንኳ ቍራጩ አይጣልም። ሴቲቱ መቀስ ይዛ ከጨርቁ ላይ ለብቻው የቆመውን አበባ ወይም ወፍ ትመርጣለች። ቀጭን ሐረግ አይመችም፤ ጠርዙን ወደ ውስጥ ለማጠፍ ስፋት የለውምና። በሥዕሉ ዙሪያ ጥቂት ኅዳግ አስተርፋ ትቈርጣለች፤ ወደ ውስጥ በገባው ማዕዘን ላይ መቀሱን በጥቂቱ ታስነካለች፤ ከዚያም ጠርዙን በመርፌ ጫፍ እያጠፈች በነጭ ጨርቅ ላይ ትሰፋዋለች። የቺቱም መደብ ነጭ ከሆነ በአበባው ቅጠሎች መካከል የቀረው አይታወቅም። በዚህ ዘዴ ከጥቂት ክንድ ቺት የተቈረጡ ወፎችና ዛፎች አንድ ሙሉ የአልጋ ልብስ ይሸፍናሉ። አንባቢ ከድሪቶ ጋር እንዳይቈጥረው እንለምናለን፤ ድሪቶ ቀዳዳ መድፈኛ ነው። በኋላ ዘመን የፋርስ ጥልፍ የሚል የፈረንሳይኛ ስም ወጣለት፤ ነገር ግን ጥልፍም አይደለም፥ ከፋርስም አልመጣም።

ሥራው ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1840ዎቹ በባልቲሞር ከተማ ሌላ መልክ ያዘ። ወዳጆች እያንዳንዳቸው አንድ አራት ማዕዘን ሠርተው ስማቸውን በቀለም ይጽፉበትና ሁሉም ባንድነት ይሰፋል። ከእነዚህ በአንዳንዶቹ ላይ ከቺት የተቈረጡ አበቦች ይታያሉ። በዚያው ዘመን የእንግሊዝን ፋብሪካዎች የሚመግበው ጥጥ አብዛኛው በአሜሪካ ደቡብ በባሮች እጅ የተለቀመ ነበር፤ የእነርሱን ስም በቀለም የሚጽፍ ግን አልነበረም።

በ1783 በእንግሊዝ አገር ቶማስ ቤል በሲሊንደር የሚያትም መኪና ፈቃድ ካወጣ ወዲህ ቺት እየረከሰ ሄደ፤ አበባን በዙሪያው መቍረጥም ቀስ በቀስ ቀረ። ዛሬ ብዙ ሰፊዎች አበባውን ከነመደቡ በአራት ማዕዘን ይቈርጡታል፤ መስኮት የተቀደደበትን ወረቀት በጨርቁ ላይ እያንሸራተቱም የወደዱት ሥዕል በመስኮቱ መካከል ሲውል በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ።