ከ1731 ስምንት ቁጥር ወደ ኋላ፦ ሕግ ላላጠኑ ባለሙያዎች የድኅረ ምረቃ የሕግ ትምህርት

በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞም ሆነ በሀና ማርያም፣ ቤት በመንደር ውል ሲሸጥ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ቃል እምብዛም አይለያይም። ሻጭና ገዥ ከነአድራሻቸው ይጻፋሉ፤ ዋጋው በአኀዝና በፊደል ይቀመጣል፤ ሦስት እማኞች ይፈርማሉ። ውሉን ለማፍረስ የሞከረ ወገን ለመንግሥት ይህን ያህል፣ ለውል አክባሪው ይህን ያህል ብር ገደብ ይከፍላል ይባላል። መዝጊያው ላይ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና መሆኑ ይገለጻል። አርቃቂው ማመልከቻ ጸሐፊ ወይም ጽሑፉ የሚያምር የሰፈር ሰው ነው። ቁጥሮቹን ከቀደመ ውል ላይ ገልብጧቸዋል፤ ያም ውል ከሌላ ውል ላይ ገልብጧቸው ነበር።

ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው ይላል። ቁጥር 2005 ስለ ጽሑፍ ማስረጃ ክብደት ይናገራል። ስምንት ቁጥር ወደ ኋላ ተመልሶ 1723ን የሚያነብ ሰው ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ መሆን ብቻ ሳይሆን በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ እንዳለበት ያገኛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ሥርዓት ያልተከተለ የቤት ሽያጭ ውል ሕጋዊ ውጤት እንደሌለው ወስኗል። ችሎቱ ኋላ ላይ ሻጩ ሽያጩን ያልካደ እንደሆነ ነገሩን ለየት አድርጎ አይቶታል፤ ሻጩ ከካደ ግን ገዥው ቤቱን አጥቶ ገንዘቡን ብቻ ይዞ ይመለሳል። ያ ገንዘብ ውሉ በተፈረመበት ዓመት ቤት ይገዛ የነበረ፣ ዛሬ የአንድ ክፍል ዋጋ የማይሞላ ሊሆን ይችላል። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ላይ ደግሞ የ5 ዓመት የሽያጭ ገደብ አለ። በዚህ የተነሳ ሽያጩ በብድር ውልና በውክልና ሽፋን ሲፈጸም ችግሩ እጥፍ ይሆናል።

ይህን ምሳሌ ያስቀደምኩት የመጣጥፉ ነገር ሁሉ በእነዚያ ስምንት ቁጥሮች ውስጥ ስላለ ነው። የተዋዋዮቹ ችግር ሕግ አለማክበር አልነበረም፤ እንዲያውም ሕጉን በቁጥር ጠርተው ተማጽነውበታል። የጎደላቸው አንዱን ድንጋጌ ከሌላው ጋር አገናኝቶ የማንበብ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ደግሞ በአገራችን የሚገኘው የሕግ ትምህርት ቤት በር አልፎ 5 ዓመት ለተቀመጠ ብቻ ነው።

ሕግን በየዕለቱ የሚሠሩበት ሰዎች ግን አብዛኞቹ በዚያ በር አላለፉም። ወረዳ ላይ የኪራይ ውል የሚመዘግበውን ሠራተኛ እንመልከት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ውሉ ከ2 ዓመት ማነስ አይችልም፤ ያለ ምዝገባም አይታለፍም። አከራይና ተከራይ ፊቱ ቆመው ሲከራከሩ ሕጉን የሚተረጉመው እሱ ነው፤ የተማረው ግን ሒሳብ አያያዝ ወይም ማኔጅመንት ሊሆን ይችላል። ሳሪስ ባለ አንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊም እንዲሁ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 ሠራተኛን ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቃ ጥፋት ቢፈጸም እንኳ፣ አሠሪው ጥፋቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልወሰነ መብቱ ይቀራል። ኃላፊው ጉዳዩን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ መርቶ፣ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ቃለ ጉባኤው ተተይቦ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ከጉዞ እስኪመለስ ሲጠበቅ ቀኑ ያልፋል። ነገረ ፈጁ ፋይሉን የሚያየው ክሱ ከመጣ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የቀረው የካሣ ስሌት ብቻ ነው።

የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ም አለ። በእኔ እምነት ይህ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛውን ሥራ ከመሠረቱ ለውጦታል። ባለጉዳይ ሳይሰማ ውሳኔ አይሰጥም፤ ውሳኔ ሲሰጥ ምክንያቱ ይጻፋል፤ ቅር የተሰኘም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ምክንያት መጻፍ ሕግ ነክ ችሎታ ነው፤ ፍሬ ነገሩን ለይቶ፣ ድንጋጌውን አስቀምጦ፣ ሁለቱን ማያያዝ ይጠይቃል። ሕግ የመተርጎሙን ግዴታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠንለት የመተርጎሚያውን ትምህርት ከነፈግነው፣ ኋላ የሚወቀሰው ሠራተኛው ብቻ ሊሆን አይገባም።

በታሪካችን ሕግ የጥቂቶች ሙያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በላ ልበልሃ በአደባባይ የሚሞገትበት አንደበተ ርቱዕ ሁሉ መድረክ ነበር። ፍትሐ ነገሥት ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሶ በመጻሕፍት ጉባኤ ቤት ከሌሎቹ የሊቃውንት መጻሕፍት ጋር በአንድምታ ተተርጉሟል፤ የተማሩት ሁሉ ዳኛ ሊሆኑ አልነበረም። በ1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የቀበሌ ፍርድ ሸንጎዎችን ሲያቋቁም፣ በ1995 የወጣው የአዲስ አበባ ቻርተር አዋጅ ቁጥር 361 ደግሞ ለቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች እስከ 5,000 ብር የሚደርስ የገንዘብ ክርክር ሲሰጥ፣ ዳኝነቱ ሕግ ላልተማረ ሰው እንደሚደርስ ታውቆ ነበር። በ1956 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የሕግ ፋኩልቲም ከዲግሪው ጎን በማታ በዲፕሎማና በሰርተፍኬት ደረጃ ያስተምር ነበር። አገሪቱ አዳዲሶቹን ሕጎች አውጥታ ገና አልጨረሰችም ነበር፤ በሥራ ላይ ያሉትን ሰዎች ከመጪው ተመራቂ ጋር አብሮ ማስተማር ግድ እንደሆነ መሥራቾቹ ተረድተዋል። ያ የማታ ክፍል ዛሬ ሊቀጥል የሚገባው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ነው፤ ምክንያቱም የዛሬው ተማሪ አስቀድሞ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ የባንክ ባለሙያ ወይም የመሬት አስተዳደር ሠራተኛ ነው።

ለዚህ ሰው ዛሬ የተከፈቱት በሮች ጥቂት ናቸው። የሕግ ማስተርስ የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው፤ የ5 ዓመት መሠረት ላይ የሚታነጽ ትምህርት ነውና። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ መብቶች፣ የፌዴራሊዝም እና የሰላምና ደኅንነት የማስተርስ ትምህርቶች ከሌላ ሙያ የመጣን ሰው ይቀበላሉ። ዋጋቸውን ዝቅ ማድረግ አልሻም። ሆኖም የሚያተኩሩት በሕገ መንግሥት፣ በዓለም አቀፍ ስምምነቶችና በተቋማት ላይ ነው። ስለ ውል፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ሥራ ስንብት፣ ስለ ታክስ ይግባኝ፣ ስለ ጋራ ሕንፃ አስተዳደር የሚጠይቅ ሰው መልሱን እዚያ አያገኝም።

በሌላው ዓለም ይህ ክፍተት ተደፍኗል። በአሜሪካ የየል ሕግ ትምህርት ቤት ሕግ ላላጠኑ ሰዎች የአንድ ዓመት ማስተርስ ይሰጣል። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ሊንዳ ግሪንሃውስ በ1978 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አጠናቅቃ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ዘገባ ለአሥርት ዓመታት ይዛለች፤ በ1998 እ.ኤ.አ. የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘችውም በዚሁ ዘገባዋ ነው። ጠበቃ አልሆነችም፤ ፍርድ ማንበብ ግን ተምራለች።

የእኛ ትምህርት ከዚያ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር ቋንቋው ነው። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በአማርኛውና በእንግሊዝኛው ቅጂ መካከል ልዩነት ቢፈጠር የመጨረሻው ሥልጣን የአማርኛው ነው። የሰበር ውሳኔዎች የሚጻፉት በአማርኛ ነው፤ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የንፋስ ስልክ ላፍቶ ምድብ ችሎትም የሚያስችለው በአማርኛ ነው። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ግን በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ። በዚህ ላይ 3367 ቁጥሮች ያሉት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው፤ ዐረፍተ ነገሮቹ አንዳንዴ ለአማርኛ ተናጋሪ ራሱ ይከብዳሉ። ለወረዳ ሠራተኛና ለፋብሪካ ኃላፊ የሚዘጋጅ ትምህርት በነጋሪት ጋዜጣው ቋንቋ ካልተሰጠ ዋናውን ዓላማ ይስታል።

እዚህ ላይ የአንድምታው ጉባኤ ያስተምረናል። መምህሩ አንድ ንባብ ያወጣል፤ ይተረጉማል፤ «አንድም» ብሎ ሁለተኛ ፍች ያክላል፤ ከሌላ መጽሐፍ ምስክር ይጠራል። ሕግ ላላጠነ ባለሙያ የሚያስፈልገው ክፍል ይህን ይመስላል። ቁጥር 1731 ይነበባል፤ በሕግ አግባብ የተቋቋመ ማለት ምን እንደሆነ ይጠየቃል፤ 1723 በምስክርነት ይጠራል፤ መዝገብ 21448 ይከተላል፤ ተማሪው ከሰፈሩ ያመጣው የመንደር ውል ስሙ ተሰርዞ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በአንድ ሳምንት አንድ ድንጋጌ እንዲህ ቢሠራ፣ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ሕጉን ባይጨርስም ማንበቡን ይጨብጣል።

የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ከባልደረቦቼም ሰምቼዋለሁ። ግማሽ ዕውቀት ከአለማወቅ ይከፋል፤ ተመራቂዎቹ በየፍርድ ቤቱ በር የጠበቃ ካባ ሳይኖራቸው ጠበቃ ይሆናሉ ይላሉ። የጥብቅና ፈቃድ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የተዘጋ ነው፤ የሕግ ዲግሪ የሌለው ፈቃድ አያገኝም፤ የአዲሱ ትምህርት የምስክር ወረቀትም ይህንኑ በግልጽ ቢናገር እደግፋለሁ። ስለ ግማሽ ዕውቀት ግን አልስማማም። የመንደር ውሉን የሚያረቅቀው፣ ስንብቱን የሚፈርመው፣ ኪራዩን የሚመዘግበው ሰው ዛሬም እየወሰነ ነው። ባናስተምረው ውሳኔውን አያቆምም። በተማረ ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያው ትርፍ የራሱን ድንበር ማወቁ ነው፦ ይህ ጉዳይ ከእኔ በላይ ነው፣ ጠበቃ ያየው ማለት የሚችለው ያነበበ ሰው ነው።

የሕግ ትምህርት ቤቶች በከተማዋ ደቡብ፣ ፋብሪካውና ኮንዶሚኒየሙ በተጎራበቱበት አካባቢ፣ አንድ የማታ ክፍል በአማርኛ ይክፈቱ፤ በ20 ተማሪ ቢጀመር በቂ ነው። እስከዚያው ቤት ሊገዛ የተሰናዳ አንባቢ ቢኖር፣ ቀብዱን ከመቁጠሩ በፊት ሻጩን ይዞ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሂድ።