ቶሎ የማይጠግግ ቁስል፦ የተከዜ ዳር የ1928 ዓ.ም. ታሪክ

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የሊማሊሞን ገደል በጠመዝማዛው መንገድ ወርዶ አዲ አርቃይ ሲደርስ የደጋው ብርድ ከኋላው ይቀራል። መንገዱ ማይ ጸብሪን አልፎ በቆላው በኩል ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ሽሬ ነው። በዚህ ወንዝ ዳር በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በሰው ቆዳ ላይ የደረሰው ጉዳት በጦርነት መጻሕፍት ውስጥ በጥቂት መስመር ይታለፋል። በሕክምና ሙያ ለሚያገለግል ሰው ግን ረዘም ያለ ምርመራ የሚገባው ነገር ነው፤ የቆሰለ አካል ራሱን የሚጠግንበትን ሥርዓት፣ ሥርዓቱም የሚሰናከልበትን ምክንያት አጉልቶ ያሳያልና።

የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ከጎጃም ተነሥቶ ወደ ተከዜ ሲዘምት፣ ቀዳሚው ክፍል ታኅሣሥ 5 ቀን ወንዙን ተሻግሮ በደምበጊና በር የጠላትን ጦር ከነትናንሽ ታንኮቹ መታ። ከስምንት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን ማለዳ፣ አውሮፕላኖች መጡ። ራስ እምሩ ኋላ ለጣልያናዊው የታሪክ ጸሐፊ ለአንጄሎ ዴል ቦካ እንደ ተረኩት፣ ሠራዊቱ ቦምብ ለምዶ ስለ ነበር አልደነገጠም። የዚያን ቀን የወደቀው ግን መሬት ወይም ውኃ ሲነካ እየተሰነጠቀ ቀለም የሌለው ፈሳሽ የሚያፈስ ዕቃ ነበር። ፈሳሹ የነካቸው መቶ ያህል ሰዎች ባዶ እግራቸው፣ እጃቸውና ፊታቸው ውኃ እየቋጠረ ይጮኹ ጀመር። ከብቶቻቸውን ሊያጠጡ የወረዱ ገበሬዎችም ከተጎጂዎቹ መካከል ነበሩ። አለቆቹ ምን እናድርግ ብለው ሲከቧቸው ራስ እምሩ የሚመልሱት አጡ።

ፈሳሹ ኢፔሪት፣ በሌላ ስሙ የሰናፍጭ ጋዝ ነበር። ስሙን ያገኘው በ1917 እ.ኤ.አ. በጦር ሜዳ መጀመሪያ ከተጣለበት ከቤልጅጉ ከተማ ከኢፕር ነው። ጣልያኖች ሲ. 500. ቲ. ይሉት የነበረው አንዱ ቦምብ ብቻ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይይዝ ነበር። በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የከለከለውን የ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነት ጣልያን ፈርማ አጽድቃለች። ሙሶሊኒ ማናቸውንም ጋዝ በሰፊው እንዲጠቀም ለማርሻል ባዶልዮ የፈቀደበት ቴሌግራም የተጻፈው ታኅሣሥ 18 ቀን ነው፤ ተከዜ ላይ የወደቀው ከዚያ አምስት ቀን አስቀድሞ ነው።

የዚህን ቁስል ክፋት ለመረዳት በተራ ቁስል ላይ የሚሆነውን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ማጭድ እጁን የቆረጠው አጫጅ ደሙ በጥቂት ደቂቃ ይረጋል፤ የረጋውም ደም መድፈኛ ብቻ ሳይሆን ረዳት የሚጠራ መልእክተኛ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ሥር እየሾለኩ ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ፤ ይህንንም ዩልዩስ ኮንሃይም በ1867 እ.ኤ.አ. በእንቁራሪት ላይ በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ አስረድቷል። ቁስሉ የሚቀላው፣ የሚያብጠው፣ የሚሞቀውና የሚጠዘጥዘው በዚህ ጊዜ ነው። ሕዝቡ «ቁስሉ ተቆጣ» ይላል። አባባሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ቁጣው በልክ ሲሆን የጥገናው መጀመሪያ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቀድመው የደረሱት ሕዋሳት ተሐዋስያንን ሲገድሉ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የሚከተሉት ማክሮፋጅ የተባሉት ታላላቅ ሕዋሳት የሞተውን ጠርገው ግንበኞቹን ይጠራሉ። ግንበኞቹ ፋይብሮብላስት ይባላሉ፤ ኮላጅን ይፈትላሉ። ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበቅላሉ፣ ቀይ ሥጋ ጉድጓዱን ይሞላል፣ ከዳር ያሉት የቆዳ ሕዋሳትም እየተባዙ ይሸፍኑታል። ቁስሉ ጠገገ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ሥራው ግን አላለቀም፤ በሦስተኛው ሳምንት ጠባሳው የጤነኛ ቆዳን ጥንካሬ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ሲኖረው፣ ከብዙ ወራት በኋላም ቢሆን ከመቶ 80 እጅ ያህሉን አያልፍም።

ኢፔሪት የሚመታው እነዚህኑ ሠራተኞች ነው። በቅባት የሚሟሟ ስለ ሆነ ቆዳን በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ከሕዋሱ ዲ.ኤን.ኤ. ጋር ተጣብቆም መባዛትን ያግዳል። ጉዳቱ የሚብሰው ዘወትር በሚባዙት በላይኛው ቆዳ ሥረኛ ሕዋሳት ላይ ነው። እነርሱ ሲሞቱ የላይኛው ቆዳ ከታችኛው ይለያል፣ በመካከሉም ውኃ ይቋጠራል። መልኩ የእሳት ቃጠሎ ይመስላል፤ ጠባዩ ግን ሌላ ነው። እሳት የፈጀውን ቦታ ከዳሩ የሚነሡ ጤነኛ ሕዋሳት ሊያለብሱት ይችላሉ፤ ኢፔሪት በነካው ቦታ ዙሪያ ግን ሳይሞቱ የተረፉትም ሕዋሳት እንደ ልብ አይባዙም። ስለዚህ ቁስሉ ሲያዥ ይከርማል፤ ደረቀ ሲባልም ያመረቅዛል። ከዚህ የከፋም አለ። መርዙ በብዛት በገባበት ሰው የአጥንቱ መቅኔ ይጎዳል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም የነጭ የደም ሕዋሳቱ ቁጥር ያሽቆለቁላል። ይህን ኤድዋርድና ሄለን ክሩምብሃር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በፈረንሳይ ጦር ሜዳ ከተመረዙት ሰዎች መርምረው በ1919 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል። ጥሪ ቢደርስም የሚመጣ ረዳት የለም ማለት ነው።

የተከዜው ዘማች በባዶ እግሩ የሚሄድ፣ የጥጥ ልብስ የለበሰ ነበር። ጥጥ ፈሳሹን ጠጥቶ ከገላ ጋር አጣብቆ ያቆየዋል። ለቃጠሎ ቅቤ መቀባት በአገሩ የታወቀ ልማድ ነው፤ ገና ባልታጠበ ገላ ላይ ከሆነ ግን ቅባቱ መርዙን ከማሰራጨት በቀር አይጠቅምም። የሚጠቅመው ልብሱን አውልቆ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በብዙ ውኃ መታጠብ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል፤ ኢፔሪት እንደ ደንቡ ሕመሙን ለሰዓታት ይደብቃል፣ በራስ እምሩ ትረካ ግን ጩኸቱ ወዲያው ነው። ትረካው ከብዙ ዓመታት በኋላ የተነገረ ስለ ሆነ የቀኑ ሰዓታት አንድ ላይ ተጠጋግተው ይሆናል። ይህ የምስክርነቱን ዋጋ አይቀንሰውም።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ከተቋቋመ ገና ስድስት ወር አልሞላውም ነበር። በሌላው ግንባር፣ በቆረም አካባቢ፣ ከእንግሊዝ የሕክምና ጓድ ጋር የመጣው ዶክተር ማክፊ በጋዝ የተላጡ ሰዎችን እያከመ በየቀኑ የጻፈውን ማስታወሻ በ1936 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ ማርሴል ዡኖም በዛፎች ሥር የተኙ ቁስለኞች «አቤት፣ አቤት» ሲሉ መስማቱን መዝግቧል። በስሜንና በወገራ ለሚኖረው ሕዝብ የጤና መኮንኖችን ያሠለጠነው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው ከዚያ 19 ዓመት በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. ነው።

ሕዋስ እንዳይባዛ የማድረግ ጠባዩ በኋላ ለሌላ ነገር ዋለ። በ1942 እ.ኤ.አ. በየል ዩኒቨርሲቲ ጊልማንና ጉድማን የኢፔሪትን የቅርብ ዘመድ ናይትሮጅን መስታርድን የንፍፊት ካንሰር ለያዘው በሽተኛ ሰጡ፤ እብጠቱም ለጊዜው ሟሸሸ። ካንሰርን በመድኃኒት የማከም ታሪክ ከሚነሣባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ዛሬም ከዚያ ወገን የሆነ መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ ቁስሉ ሊዘገይ እንደሚችልና ነጭ የደም ሕዋሳቱ መቆጠር እንዳለባቸው እያንዳንዱ ሐኪም ያውቃል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ቆመው ስለዚሁ መርዝ ተናገሩ። የጣልያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው።