የሚሰማን ማን ነው? ሉተር፣ አግሪኮላ እና የጸጋ ስብከት

በ1527 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሳክሶኒ ገዥ የአብያተ ክርስቲያናቱን ሁኔታ የሚመረምሩ ጎብኚዎችን ወደየአጥቢያው ላከ። ከእነርሱ አንዱ የሉተር የሥራ ባልደረባ ፊልጶስ ሜላንክቶን ነበር። ተሐድሶው ከተጀመረ አሥር ዓመት ሆኖታል። ሜላንክቶን ያየው ግን የሚያስደስት አልነበረም። ብዙ ሰባኪዎች ስለ ኀጢአት ስርየት አብዝተው ይናገራሉ፤ ስለ ንስሓ ግን ዝም ይላሉ። ሕዝቡ ነጻ መሆኑን ተምሯል፤ በነጻነቱ እንዴት እንደሚኖር አልተማረም። ሉተር ራሱም በጉብኝቱ ተካፍሎ ያየው ነገር ስላሳዘነው በ1529 ትንሹን ካቴኪዝም አዘጋጀ። በመቅድሙም የገጠሩ ሕዝብ ስለ ክርስትና ትምህርት ምንም እንደማያውቅ፣ ብዙ መጋቢዎችም ለማስተማር ብቁ እንዳልሆኑ በምሬት ጽፏል። ዛሬ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የሚታወቀው ያ ትንሽ መጽሐፍ የተወለደው ከዚህ ሐዘን ነው።

አንባቢ ሆይ፣ መዳን በጸጋ ብቻ መሆኑን የሚሰብኩ ከሆነ ይህ ጥያቄ የእርስዎም ነው። ኤፌሶን 2፥8-9ን ከሰበክን በኋላ ቁጥር 10ን እንዴት እንሰብካለን?

ሜላንክቶን ለጎብኚዎቹ ባዘጋጀው መመሪያ ሰባኪዎች ሕጉንም እንዲሰብኩና ሕዝቡን ወደ ንስሓ እንዲጠሩ አሳሰበ። ይህን የተቃወመው ዮሐንስ አግሪኮላ ነበር። አግሪኮላ ከውጭ የመጣ ባላጋራ አይደለም፤ እንደ ሉተር በአይስሌበን የተወለደ፣ በዊተንበርግ በሉተር እግር ሥር የተማረና የቅርብ ወዳጁም የሆነ ሰው ነው። አሳቡም ይህ ነበር፦ ከሕግ ፍርሃት የሚወጣ ንስሓ እውነተኛ ንስሓ አይደለም፤ ንስሓ የሚወለደው የክርስቶስን ፍቅር ከማወቅ ነው፤ ስለዚህ ለንስሓ የሚሰበከው ወንጌል እንጂ ሕግ አይደለም። ይህን በክፍል ሳቀርብ ብዙዎቹ ተማሪዎቼ በመጀመሪያ ከአግሪኮላ ጎን ይቆማሉ። አልፈርድባቸውም። ሮሜ 2፥4 የእግዚአብሔርን ቸርነት ከንስሓ ጋር ያያይዘው የለምን?

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በቶርጋው ተገናኝተው ሉተር አስማማቸው፤ ነገሩ ግን አልሞተም። አግሪኮላ በ1536 መጨረሻ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ዊተንበርግ ሲመለስ ሉተር በገዛ ቤቱ አስተናገደው። (ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1534፣ ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ወደዚያችው ከተማ መጥቶ ከሉተር ጋር ስለ እምነት ተነጋግሯል፤ ስለዚህ ከተማዋ ለእኛም ፈጽማ ባዕድ አይደለችም።) በ1537 የጸሐፊያቸው ስም ያልተገለጸ የክርክር ነጥቦች ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወሩ ጀመር። ዐሠርቱ ትእዛዛት ቦታቸው የከተማው ሸንጎ እንጂ መድረክ አይደለም የሚለው ትምህርትም ከአግሪኮላ ስም ጋር ተያይዞ ይነገር ነበር። ሉተር ነጥቦቹን ራሱ አሳተማቸው፤ ከታኅሣሥ 1537 ጀምሮም በዩኒቨርሲቲው ተከታታይ ክርክሮችን አካሄደባቸው። በ1539 ደግሞ ፀረ ሕግ የሆኑትን የሚቃወም ጽሑፍ አወጣ። በ1540 አግሪኮላ ዊተንበርግን ትቶ ወደ በርሊን ሄደ፤ የሁለቱ ወዳጅነትም በዚያው ቀረ።

በእነዚያ ክርክሮች ውስጥ እኔን የሚይዘኝ አንድ ነገር አለ። ሕግን አትስበኩ የሚሉት ሰዎች የሉተርን የቀድሞ ቃላት ይዘው ነበር የሚሞግቱት፤ አንተ ራስህ እንዲህ አስተምረኸን የለምን ነው ነገሩ። ሉተር ቃሉን አልካደም። መልሱ፣ አጠር ባለ አነጋገር፣ ያን ጊዜ የሚሰሙን ሰዎች ሌሎች ነበሩ የሚል ነው። በቀድሞው ዘመን ሕዝቡ በፍርሃት ተደቁሶ ነበር፤ የተደቆሰን ሰው እንደገና በሕግ መምታት አያስፈልግም፤ የሚያሻው መጽናናት ነው። አሁን ግን ሰሚዎቹ ያለ ስጋት የተኙ ናቸው፤ ለእነዚህ ያንኑ የመጽናናት ቃል ብቻ መደጋገም እንቅልፋቸውን ማጥለቅ ነው። በእኔ ግምት የአግሪኮላ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። የመምህሩን ቃል በትክክል ሸመደደ፤ ቃሉ ለማን እንደተነገረ ግን ረሳ።

ይህን በሌላ ሰው ላይ ብቻ ብናገር ሐቀኛ አልሆንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አጥቢያ ከዕብራውያን 12፥14 ስለ ቅድስና ሰበክሁ። በዐይኔ ፊት የነበሩት በጸጋ ስም የሚያላግጡ ወጣቶች ነበሩ። እነርሱ ከስብከቱ በኋላ እየሳቁ ወጡ። በኋለኛው ወንበር የተቀመጠች አንዲት እኅት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጌታ እራት ቀረች። ለረጅም ጊዜ በአሮጌ ኀጢአቷ ስትሰቃይ የኖረች ሰው መሆኗን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ከሉተር ሞት በኋላ ይኸው ችግር ተገልብጦ መጣ። በ1552 ጌዎርግ ማዮር መልካም ሥራ ለመዳን አስፈላጊ ነው ብሎ ጻፈ። መዳን በሥራ ይገዛል ማለቱ አልነበረም፤ በሐሰተኛ ነጻነት የሚኖሩት አሳስበውት ነው። የሉተር የዕድሜ ልክ ወዳጅ ኒኮላውስ ፎን አምስዶርፍ ይህን መስማት አልቻለም፤ በ1559 መልካም ሥራ ለመዳን ጎጂ ነው የሚለው አባባል ትክክል ነው እስከ ማለት ደረሰ። በሥራው ለሚመካ ሰው ማለቱ ነው፤ ነገር ግን ማን እንዲህ አድርጎ ይሰማዋል?

በ1577 የተዘጋጀው የስምምነት ሰነድ በአራተኛው አንቀጹ ሁለቱንም አባባሎች አልተቀበለም። ያመኑ ሰዎች መልካም ሥራ ሊሠሩ ይገባቸዋል፤ ይህ ግን የጽድቃቸው ምክንያት ሆኖ አይደለም፤ ተገድደው ሳይሆን በፈቃደኛ መንፈስ ነው። ሰነዱ ሁለት ዓይነት ሰሚዎችን በአንድነት ማየቱን ልብ ይበሉ። የማዮር አነጋገር የታወኩ ሕሊናዎችን መጽናናት እንደሚነሣቸው ይናገራል። በዚያው አንቀጽ ደግሞ ሰው ዐውቆና ፈቅዶ በኀጢአት እየኖረ እምነቱ ሳይነካ ይቀራል የሚለውን ከንቱ ተስፋ አጥብቆ ይነቅፋል።

ያቺ እኅት ወደ ጌታ እራት የተመለሰችው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። እኔ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያት ነበር፤ በትሕትና ሰማችኝ፣ አልመጣችም ግን። የመለሷት አንዲት አረጋዊት እናት ናቸው፤ በየሳምንቱ ቤቷ እየሄዱ ሮሜ 8ን አነበቡላት።