ካሴቶቻችን ምን ይመሰክራሉ?

በሬዲዮ ከተላለፈ መልእክት ለጽሑፍ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ

ዛሬ ስለ ካሴት ልነግራችሁ ነው። አዎ፣ ስለ ካሴት! ቁም ሳጥን ላይ፣ አልጋ ሥር፣ በካርቶን ውስጥ አቧራ ስለ ለበሱት የመዝሙር ካሴቶች። ዛሬ አልበም የምንለው ያኔ ካሴት ነበር፤ «ቁጥር 1 ወጣ፣ ቁጥር 2 ወጣ» እያልን የምንጠብቀው። «ይሄ ደግሞ ምን ስብከት ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ታገሡኝ።

ዘዳግም 31ን ስናነብ፣ ሙሴ ሊሞት በተቃረበ ጊዜ እግዚአብሔር አንድ የመጨረሻ ሥራ እንደ ሰጠው እናያለን። መዝሙር እንዲጽፍና ለእስራኤል ልጆች እንዲያስተምር አዘዘው። ለምን? ሕዝቡ ምድሪቱን ወርሶ፣ በልቶ ጠግቦ አምላኩን በሚረሳበት ቀን ያ መዝሙር ምስክር ሆኖ እንዲቆም ነው። አስተውሉ፤ መዝሙሩ የተሰጠው ለደስታ ብቻ አይደለም፣ ለምስክርነትም ነው። ዛሬ የምላችሁም ይኸው ነው፦ የምንወደው መዝሙር ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ ካልተጠየቀ ዝም ይላል።

ታሪኩን ከሥሩ እንየው። ዓመቱ 1955 ዓ.ም. ነው። በየካቲት ወር ብሥራተ ወንጌል የሬዲዮ ጣቢያ ከአዲስ አበባ ሥርጭቱን ጀመረ። ጣቢያው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ነበር፤ በብዙ ቋንቋዎችም ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ያሰራጭ ነበር። በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በርሊን ውስጥ በተከፈተ የሬዲዮ ዐውደ ርእይ ላይ በኪስ የምትያዝ ትንሽ ካሴት ለዓለም አሳየ። ያኔ እነዚህን ሁለት ነገሮች አያይዞ ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንዱ ግዙፍ ጣቢያ፣ ሌላዋ መዳፍ የማትሞላ ፕላስቲክ!

አሥራ አራት ዓመት አለፈ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ብሥራተ ወንጌልን ወረሰ። ጣቢያውም «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። ትልቁ አንቴና ተወሰደ። ትንሿ ካሴት ግን በምእመናን እጅ ቀረች።

ምን መሰላችሁ፣ ጣቢያ አንድ ቦታ ነው ያለው፤ በሩ ላይ ወታደር ካቆሙ ዝም ይላል። ካሴት ግን ከቴፕ ወደ ቴፕ ይገለበጣል። አንዱ ቤት ቢያዝ ሌላው ቤት አለ። ሁለት ቴፕ ሪከርደር ያለው ወንድም ሌሊቱን ሲገለብጥ ያድራል፤ ጠዋት ላይ አንዱ ካሴት ሁለት፣ በሳምንቱ አሥር ይሆናል። እያንዳንዱ ግልባጭ ከፊተኛው ይልቅ ይሻክራል። አምስተኛው ግልባጭ ላይ ዘማሪዎቹ ከዝናብ ሥር ሆነው የሚዘምሩ ይመስላል። ክሩ ሲላላ በእስክሪብቶ እየጠቀለልን እናጠብቀው ነበር፤ ታስታውሱ የለ? ቢሆንም ቃሉ ይሰማ ነበር፤ እኛም የምንፈልገው ቃሉን ነበር።

ያ ዘመን ምን ዘመን ነበር? የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን በ1959 ዓ.ም. የምዝገባ ጥያቄ አቅርባ ውድቅ ሆኖባታል። ስለዚህ ስደቱ ገና በንጉሡ ጊዜ የጀመረ ነው፤ በደርግ ዘመን ባሰ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿም ለዓመታት ታሰሩ። «ጴንጤ» የሚለው ስም በየሰፈሩ መሳደቢያ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ ምእመናን በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሰበሰቡ ጀመር። ድምፅ ከፍ አድርጎ መዘመር አይታሰብም። መስኮት ተዘግቶ፣ በሹክሹክታ ነው የሚዘመረው። አዲስ ያመነ ሰው ትምህርቱን ከየት ያግኝ? መጽሐፍ ቅዱስ እንደ ልብ አይገኝም፤ ማንበብ የማይችልም ብዙ ነበር። ከካሴት የተማረው መዝሙር ግን በልቡ አለ፤ ማንም ፈትሾ አያገኘውም። መሠረተ ክርስቶስ ስትዘጋ አባሎቿ አምስት ሺህ ያህል ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና በአደባባይ ስትገለጥ ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። ይህን ያደረገው ጌታ ነው። ጌታ ከተጠቀመባቸው ነገሮች አንዱ ግን በልብ የተያዘ መዝሙር መሆኑን የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ይነግራችኋል።

ከዘማሪዎቹ መካከል ተስፋዬ ጋቢሶን አንሡ። እምነቱን አልክድም በማለቱ ለሰባት ዓመት ያህል ታስሯል። እሱ በእስር ቤት ሳለ ድምፁ ውጪ በየቤቱ ይሰማ ነበር። ሰውዬው ታሰረ፣ መዝሙሩ አልታሰረም! ሐዋርያት ሥራ 16ን ስታነቡ፣ ጳውሎስና ሲላስ በእኩለ ሌሊት እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ሲዘምሩ እስረኞቹ ያዳምጡአቸው እንደ ነበር ትደርሱበታላችሁ። በመከራ የሚዘመር መዝሙር ሁልጊዜ አድማጭ አለው።

አሁን ከቤቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አባቴ በእምነቱ ምክንያት ከሥራ በተባረረበት ሰሞን እናታችን በፊታችን አላለቀሰችም። ማታ ማታ ቴፑን ዝቅ አድርጋ አንዲት ካሴት ትከፍታለች፤ አንዱ ገጽ ሲያልቅ ትገለብጣለች፣ ሁለተኛው ሲያልቅ መልሳ ትገለብጣለች። ለጥንቃቄ ሲባል ሽፋኑ ላይ የአንድ ዘፋኝ ስም ተጽፎ ነበር። በሰው ቤት የተቀዳች ካሴት ናት። ካደግሁ በኋላ «እማዬ፣ ለምን ያችኑ ብቻ?» ብዬ ጠየቅኋት። ምን አለች መሰላችሁ? «በሁለተኛው ገጽ፣ በመዝሙሮቹ መካከል፣ ዶሮ ይጮኻል። ዶሮው ሲጮኽ እነዚህ ሰዎች እንደኔ ሲነጋባቸው ነበር እላለሁ። ብቻዬን አለመሆኔን የማውቀው ያኔ ነው» አለችኝ።

ወገኖች፣ ዶሮው በማንም የመዝሙር ደብተር ላይ አልተጻፈም። ባልጠይቃት ኖሮ ያ ምስክርነት ከእሷ ጋር ይቀር ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ላሳስብ።

አንደኛ፣ ትዝታን ዱላ አናድርገው። «የድሮ መዝሙር ነው መዝሙር፣ የዛሬው ጩኸት ነው» እያልን ወጣቶቻችንን የምንመታበት ከሆነ ምስክርነት መሆኑ ይቀራል። በእኛም ዘመን ጊታርና ከበሮ ይዘን ስንነሣ «ይሄ ዘፈን ነው» ያሉን ሽማግሌዎች ነበሩ። ልጆቻችን የሚጎድላቸው የእኛ ዜማ ሳይሆን የእኛ ታሪክ ነው። መዝሙሩንማ ያውቁታል፤ በስልካቸው አለ። የተከፈለበትን ዋጋ ነው የማያውቁት። እንዴት ያውቃሉ? ማን ነገራቸው?

ሁለተኛ፣ ጊዜ የለንም። የካሴት ክር ማለት በስሱ የብረት ዱቄት የተቀባ ፕላስቲክ ነው። እርጥበትና ሙቀት ያበላሹታል፤ ቅቡ ይላቀቃል፣ ክሩ ይጣበቃል፣ ድምፁም ይጠፋል። ካሴቱን ያዳመጡት እናቶችና አባቶችም እያረፉ ነው። ሊላ ባሊስኪ የተባለች፣ በአገራችን ብዙ ዘመን የኖረች የውጭ አገር እኅት ስለ ተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙሮች አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፋለች። ጌታ ይባርካት። እኛስ ስለ እናቶቻችን ካሴት አንድ ገጽ መጻፍ ያቅተናል?

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ካርቶኑን አውርዱ። ካሴቱ የሚሰማ ከሆነ ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ስልክ የሚገለብጥላችሁ ሰው ፈልጉ። የተጣበቀ ከመሰላችሁ በግድ አታጫውቱት፤ ይበጠሳል። ከዚያ በቤታችሁ በዕድሜ የገፋውን ሰው ልጆቹ ባሉበት ጠይቁት፦ ይህን መዝሙር መጀመሪያ የሰማኸው የት ነው? ማን ሰጠህ? በዚያን ጊዜ ምን እየደረሰብህ ነበር? ጌታስ እንዴት አሳለፈህ? መልሱን ጻፉት፤ ዓመተ ምሕረቱንና ቦታውን ጨምሩበት። መዝሙሩን የማይወድ ልጅ እንኳ አያቱ ለምን እንዳለቀሰበት ሲሰማ ጆሮውን ይሰጣል።

ምናልባትም ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ የምታነቢ እኅቴ፣ ዛሬ እናንተ ራሳችሁ በጨለማ ሰዓት ውስጥ ትሆናላችሁ። ሥራ ጠፍቶ፣ በሽታ ጸንቶ፣ ወይም በሰው አገር ብቻችሁን ሆናችሁ። የእናቶቻችን አምላክ አልተለወጠም። ያኔ በዝቅተኛ ድምፅ የሰማቸው ጌታ ዛሬም በሹክሹክታ የሚዘመረውን ይሰማል። ዘምሩ። የዛሬው መዝሙራችሁ ነገ ለልጆቻችሁ ምስክር ነው።

ጸጋው ይብዛላችሁ። አሜን።